ኢያ ሸለቆን በሳይክል፦ የጃፓን ተራራ ውስጥ ባዶ መንገድ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይነዳል

ጃፓን ውስጥ ሳይክል መንዳት እፈልጋለሁ ስትሉ ሁሉም ሰው የሚልካችሁ ሺማናሚ ካይዶ ነው፣ ከኦኖሚቺ እስከ ኢማባሪ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደሴት ደሴት በድልድይ እየተሻገራችሁ የምትነዱበት። ቆንጆ ነው፣ አንዴ ሂዱበት። ግን ቅዳሜና እሁድ ሳይክል በሳይክል ነው፣ ዳገት የምትሉትም ድልድዩ ላይ መውጫው ብቻ ነው። ለኔ የጃፓን ሳይክል የሚጀምረው ከዛ ወረድ ብሎ ነው፣ ሺኮኩ ደሴት መሀል ያለው ተራራ ውስጥ፣ በተለይ ቶኩሺማ ክፍለ ሀገር ያለው ኢያ ሸለቆ። ይሄን የምጽፈው ጃፓን ለትምህርት ወይ ለሥራ ላላችሁ ነው፣ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ሳይክላችሁን ይዛችሁ ለመምጣት ለምታስቡም ይሆናል። የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ሦስተኛ ቀን ካላችሁ የሚቀጠል አለው።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ተራራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ትንፋሽ ማጠር ነው፣ እዚህ እሱ የለም። ሺኮኩ ላይ ትልቁ ተራራ ኢሺዙቺ 1982 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ወጥታችሁ ብትቆሙ እንኳን ከመርካቶ በታች ናችሁ። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፣ መነሻው ባሕር አጠገብ ስለሆነና ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ መንገዱ ዞሮ የሚወጣበት ቦታ የለውም፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አሥር ፐርሰንት ዳገት ተራ ነገር ነው። ሳንባችሁ አይቸገርም፣ ጉልበታችሁ ግን ይቸገራል፣ ስለዚህ ማርሽ ላይ አትሰስቱ፣ እሱን ታች እመጣበታለሁ።

1. መንገዱን ካርታ ላይ ማግኘት

ሌላውን ብትዘሉት ይሄን አንብቡ። ጃፓኖች ላለፉት ብዙ ዓመታት ተራራ ሲበሱ ነው የኖሩት። ድሮ መንገዱ ወንዙን ይዞ እየተጥመለመለ ወይ በተራራው አናት ዞሮ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ዋሻ ይበሱና መኪናው ሁሉ በዛ ይገባል። አሮጌው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አይተውም፣ አስፋልቱም የዳር ብረቱም እንዳለ ይቆያል፣ ምክንያቱም እላይ ሁለት ሦስት ቤት ቀርቷል፣ ወይ የሚቆረጥ ጥድ አለ፣ ወይ የመብራት መስመር አለ። የኛ መንገድ እሱ ነው። ስለዚህ "የሳይክል መንገድ" ብላችሁ አትፈልጉ፣ ካርታ ላይ ዋሻ ፈልጉ። ዋሻ በተቆራረጠ ወይ በደብዛዛ መስመር ነው የሚሳለው፣ እሱን ስታገኙ ከጎኑ ትል የመሰለ ቀጭን መስመር ተመልከቱ፣ እዛው ጀምሮ እዛው የሚገናኝ ከሆነ አገኛችሁት ማለት ነው።

ኢያ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ ቱሪስቱና አውቶቡሱ በኦቦኬ ባቡር ጣቢያ በኩል የክፍለ ሀገር መንገድ 45ን ይዞ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ይገባል። ድሮ ግን መግቢያው ከሰሜን ኢያጉቺ ከሚባል ቦታ ነበር፣ ገደሉን ጠርቦ የሚሄድ መንገድ፣ 1902 ላይ ተጀምሮ 1920 ላይ ነው ያለቀው። አሁን የክፍለ ሀገር መንገድ 32 ይባላል፣ መኪናው ሁሉ በ45 ስለሚሄድ ይሄኛው ቀዝቅዟል።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ፣ አደራ ልብ በሉ። እዛው አካባቢ ዮሺኖ ወንዝን ይዞ የሚሄድ ብሔራዊ መንገድ 32ም አለ፣ ቁጥሩ አንድ ነው ግን ይሄኛው የከባድ መኪና መንገድ ነው። መለያው ቁጥሩ ሳይሆን የታፔላው ቅርጽ ነው። ብሔራዊ መንገድ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ሦስት ማዕዘን ነው፣ የክፍለ ሀገር መንገድ ደግሞ ሰማያዊ ስድስት ማዕዘን። ስድስት ማዕዘን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። ይሄ ማለት ግን ሦስት ማዕዘን ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ኢያን በመሀል የሚያቋርጠው 439 ብሔራዊ መንገድ ተብሎ ብዙ ቦታ ላይ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው። ከቶኩሺማ ከተማ እስከ ሺማንቶ ከተማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ጃፓን ያሉ ሞተረኞችና ሳይክለኞች ቁጥሩን አሳጥረው ዮሳኩ ይሉታል።

ለካርታ የጃፓን መንግሥት የካርታ ድርጅት በነፃ ያወጣው ኦንላይን ካርታ አለ፣ ከፍታውን በመስመር ያሳያል፣ መንገዱ በስፋቱ ተለይቶ ተስሏል። ጉግል ማፕ ላይ በእግር የሚለውን ስታደርጉ ደረጃ ላይና የእርሻ ዳር ላይ ይልካችኋል፣ ስለዚህ መንገዱን ራሳችሁ ሳሉና ስልክ ወይ ጂፒኤስ ላይ ጫኑት። የምትጠራጠሩትን ኩርባ በስትሪት ቪው ገብታችሁ እዩት፣ ጃፓን ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል መንገድ ሁሉ ተቀርጿል። ቀጭኗ መስመር ሪንዶ የምትባል የጫካ መንገድ ልትሆን ትችላለች፣ አንዳንዷ ምርጥ አስፋልት ናት፣ አንዳንዷ ግማሽ ላይ ጠጠር ትሆንና መጨረሻዋ የተቆለፈ በር ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣሩ። እዛ አፈር መናድ የተለመደ ነው፣ ዝናብ ሲበዛ ደግሞ የተወሰኑ ቦታዎችን አስቀድመው ይዘጓቸዋል። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የተዘጉ መንገዶቹን ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፣ ስልካችሁ ይተረጉምላችኋል። መንገድ ላይ ትሱኮ ዶሜ የሚል ታፔላ ካገኛችሁ ዝግ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ እንደለመድነው ሰውየውን ለምኜ አልፋለሁ አይሠራም፣ አንዳንዴም ከታፔላው ኋላ መንገዱ ራሱ የለም።

2. መቼ

ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ (በፈረንጅ ጁንና ጁላይ ማለቴ ነው) የዝናብ ወቅት ነው፣ ከዛ በኋላ ሙቀቱና ወበቁ ሸለቆው ውስጥ ይታፈናል፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ደሞ አውሎ ነፋስ አለ። ክረምቱ (የፈረንጁን ዊንተር ማለቴ ነው) ላይ እላይ ያሉት መተላለፊያዎች በረዶ ይይዛሉ። የሚቀሩት ሁለት ወቅቶች ናቸው፣ ኤፕሪልና ሜይ፣ እና ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ቅጠሉ ቀይ ሲሆን።

ለጿሚ ሰው ሁለቱም ይመቻሉ። የበልጉን ከፋሲካ በኋላ ካደረጋችሁት በዓለ ሃምሳ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ረቡዕና አርብም የለባችሁም። የመኸሩ ደግሞ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ያልቃል። ምግቡን ታች ስታነቡ ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል። ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ያለውን ሳምንት ግን ተዉት፣ አገሩ በሙሉ እረፍት የሚወጣበት ነው፣ ማደሪያም አይገኝም።

ኖቬምበር ላይ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፣ ሸለቆው ውስጥ ደሞ ተራራው ስለሚጋርዳት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጥላ ነው፣ ይበርዳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፔዳል ላይ ሁኑ።

3. ሳይክሉና የሚያዘው

የመንገድ ሳይክል ይበቃል፣ ጎማው ግን 28 ወይ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቀጭኑን ተዉት። ማርሽ ላይ ከፊት ትንሿ 34፣ ከኋላ ትልቁ ቢያንስ 32 ወይ 34 ጥርስ ይኑረው። ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ሳይክሉን ሲገፋ ታገኙታላችሁ። የፍሬን ሸራው ካለቀ ቀይሩት፣ ቁልቁለቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ፊትና ኋላ የሚሠራ ፍሬን፣ ደወል፣ የፊት መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራት ወይ አንጸባራቂ ነው። ሄልሜት ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ለሁሉም ሰው "አድርጉ" ተብሏል፣ ባታደርጉ ቅጣት የለውም ግን እባካችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ግን ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ እስከ 6 ወር እስራት ወይ እስከ 100,000 የን ያስቀጣል፣ ጠጥቶ መንዳትም እስከ 3 ዓመት ወይ 500,000 የን፣ ሳይክል ነው ብለው አይተዉም። እና ያው በግራ ነው የሚነዳው። ቀጥታ መንገድ ላይ ትለምዱታላችሁ፣ ሰው የሚሳሳተው ፎቶ ለማንሳት ቆሞ ባዶ መንገድ ላይ ተመልሶ ሲገባ ነው፣ መኪና ስለሌለ የሚያስታውሰው የለም።

ሌላው፦ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ቀጭን የዝናብ ጃኬት፣ ጣት የሚሸፍን ጓንት፣ ፓወርባንክ፣ ካሽ። ካሽ ስል የምሬን ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ካርድ የማይቀበል ማደሪያ ብዙ ነው፣ ኤቲኤም የምታገኙት ከመግባታችሁ በፊት ፖስታ ቤት ወይ ሰቨን ኢሌቨን ውስጥ ነው። የ100 የን ሳንቲምም ይኑራችሁ፣ ለመጠጥ መሸጫ ማሽኑ። ጃፓን የምትኖሩ የመኖሪያ ካርዳችሁን ያዙ፣ ለጉብኝት የመጣችሁ ፓስፖርታችሁን፣ ይሄ ግዴታ ነው።

ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ አትሸከሙት። በጥቁር ድመት ምልክቱ የሚታወቀው ያማቶ የሚባለው አድራሽ ከኮንቢኒ (እንደ ሰቨን ኢሌቨን ያለ የሰፈር ሱቅ) ተቀብሎ ወደምትጨርሱበት ከተማ ሆቴል ይልክላችኋል።

4. ሳይክሉን ባቡር ላይ መጫን

ጃፓን ውስጥ ሳይክል ባቡር ላይ እንዳለ አይገባም፣ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ነው። ከረጢቱ ሪንኮ ቡኩሮ ይባላል፣ ሲታጠፍ የውሃ ኮዳ ያክላል፣ የሳይክል ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል። ሕጉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታው ተደምሮ እስከ 250 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 30 ኪሎ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው ውስጥ ሳትገቡ ውጪ ጥግ ያዙ። ማርሹን ከኋላ ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጉት፣ ከዛ ሁለቱንም ጎማ አውጡ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማው የወጣበት ቦታ ላይ መሀሉን የምትይዘዋን ፕላስቲክ አስገቡባት፣ ካላስገባችሁ ሳታውቁት ፍሬኑን ስትጨብጡት ሸራው ተጣብቆ ይቀራል። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ መሬት እንዳይነካ መከላከያ ብረቷን እሰሩ፣ ሳይክሉን በመቀመጫውና በዛች ብረት አቁሙት። ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ለጥፋችሁ ሦስት ቦታ እሰሩ፣ መሪውን አዙሩት፣ ከረጢቱን ከላይ አልብሱት። መቀመጫው ወይ መሪው ብቅ ያለ ከሆነ የጣቢያው ሰውዬ በትህትና ይመልሳችኋል፣ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱት፣ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ከኦሳካም ከቶኪዮም ብትመጡ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ኦካያማ ትደርሳላችሁ፣ ስትቆርጡ የመጨረሻውን ረድፍ ከኋላው የሻንጣ ቦታ ያለውን ወንበር ጠይቁ፣ ሳይክሉ እዛ ይቆማል። ከኦካያማ ናምፑ የሚባለውን ፈጣን ባቡር ትይዛላችሁ፣ 1988 በተከፈተው የሴቶ ትልቁ ድልድይ ባሕሩን ያሻግራችሁና አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ የሳይክል መነሻችን የሆነችው አዋ ኢኬዳ ያወርዳችኋል። አንዳንዱ ናምፑ አንፓንማን በሚባለው የልጆች ካርቱን ከላይ እስከ ታች የተሳለ ነው፣ አትደንግጡ፣ ትክክለኛው ባቡር ነው።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዋ ኢኬዳ እስከ ካዙራ ባሺ

ርቀቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ጠዋቱ በባቡር ያልቃል። አዋ ኢኬዳ ላይ የሚገዛውን ሁሉ ግዙ፣ ሸለቆው ውስጥ ኮንቢኒ አትጠብቁ። ከዛ ብሔራዊ 32ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ትወጣላችሁ፣ ይሄ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የመንገዱ መጥፎ ክፍል፣ ከባድ መኪና አለ፣ የኋላ መብራታችሁን በቀንም አብሩ። ዋሻ ሲመጣ ከመግባታችሁ በፊት ቁሙ፣ ፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ መብራት አብሩ፣ ከኋላ መኪና ካለ አሳልፉት፣ ከዛ ሳትወላውሉ በአንድ ፍጥነት ውጡ። ውስጥ የከባድ መኪና ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚመጣው፣ ቅርብ ይመስላችኋል፣ ዞር ብላችሁ አትዩ።

ኢያጉቺ ላይ በግራ ስድስት ማዕዘኑን 32 ይዛችሁ ትታጠፋላችሁ፣ ድልድዩን እንዳለፋችሁ ሌላ አገር የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ወንዙ ደግሞ ወደ ታች እየራቀ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት እታች አረንጓዴ ክር ሆኗል። መሀሉ ላይ ገደሉ 200 ሜትር ገደማ የሚሆንበት ቦታ ላይ ከድንጋዩ ጫፍ የሚሸና ልጅ ሐውልት ቆሟል፣ ድሮ የአካባቢው ልጆችና መንገደኞች ድፍረታቸውን እዛ ይፈታተኑ ነበር ይባላል። እናንተ ከአጥሩ ወዲህ ሁኑ። ትንሽ ቀደም ብሎ ወንዙ ተራራውን ዞሮ ሲመለስ የሚታይበት ማያ ቦታ አለ፣ የሸለቆው ጥሩ ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው።

እዛው መንገድ ላይ ሆቴል ኢያ ኦንሰን የሚባል አለ፣ በሽቦ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ገደሉን አውርዶ ወንዙ ዳር ያለ ፍል ውሃ ያስገባል። ፍል ውሃ ላይ ልብስ የለም፣ ሙሉ በሙሉ ነው፣ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ በሳሙና ታጥባችሁ ከዛ ነው የምትገቡት። ንቅሳት ያላችሁ፣ አንገትም ግንባርም ላይ ያለ የመስቀል ንቅሳት ቢሆን፣ ጃፓን ውስጥ ብዙ ፍል ውሃ ቤት ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገባም፣ ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ካልሆነ ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ካላቸው ጠይቁ።

ካዙራ ባሺ 45 ሜትር ርዝመት ያለው ከተክል ሐረግ የተገመደ ድልድይ ነው፣ ከውሃው 14 ሜትር ከፍ ይላል፣ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመዳል። 1185 ላይ በጦርነት የተሸነፉት ሄይኬ የሚባለው የጦረኛ ቤተሰብ ወገኖች እዚህ ሸሽተው እንደገቡና ጠላት ሲመጣ ቶሎ የሚቆረጥ ድልድይ እንደሠሩ በአፍ ይነገራል። ይከፈልበታል፣ ቀን ላይ ሰው ይበዛል፣ በሳይክል ጫማ አትግቡበት፣ ወለሉ በእንጨቶቹ መሀል ክፍት ነው፣ የጫማችሁ ብረት ይንሸራተታል። እዚሁ አካባቢ እደሩ።

6. ምግብና ማደሪያ

ሚንሹኩ የሚባለው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ማደሪያ ራትና ቁርስ ጨምሮ ነው። ቀድማችሁ ያዙ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ግቡ፣ ራት ሠርተው ይጠብቃሉ፣ ማርፈድ ትልቅ ነውር ነው። የማትበሉትን የምትነግሩት ስትይዙ ነው፣ ደርሳችሁ ስትቀመጡ አይደለም።

የጾም ነገር እንዲህ ነው፦ ጃፓን ውስጥ ስጋ የሌለው ምግብ ብዙ ነው፣ የዓሣ መረቅ የሌለው ግን ጥቂት ነው። የሚሶ (የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባው፣ የኑድሉ መረቅ፣ የተቀቀለው አትክልት ሳይቀር ዳሺ አለበት፣ ዳሺ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው። ኢያ ሶባ የሚሉት አጭርና ወፍራም ኑድል በራሱ ጾም ነው፣ መረቁ ነው የሚያፈርሰው። በገመድ ቢታሰር የማይፈርስ የሚባልለት ጠንካራ የኢያ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ነገር) አለ፣ እሱን ብሉ። ደሞ ዴኮማዋሺ፣ ትንንሽ ድንች፣ ቶፉና ኮንያኩ (ከተክል ሥር የሚሠራ እንደ ጄሊ ያለ ነገር) በእንጨት ተሰክቶ ሚሶ ተቀብቶ እሳት ዳር ቆሞ የሚጠበስ፣ ሳይክል ለነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ ሚሶው በዳሺ ተበጥብጦ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ። የአሳማ ነገር ለማይነካ ደግሞ ራመን በሚባለው የኑድል ሾርባ ላይ ተጠንቀቁ፣ ከላይ ያለውን ስጋ ብታወጡትም መረቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ ነው። ኪስ ውስጥ የሚያዝ ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመጠ ፕለም) ያለበት ኦኒጊሪ (የሩዝ ጥቅል)፣ ሙዝና ለውዝ ነው፣ ከአዋ ኢኬዳ ይገዛ።

ውሃ አያስጨንቅም፣ ሰው ያለበት መንደር ሁሉ የመጠጥ ማሽን አለ። ከመጨረሻው መንደር በላይ ግን የለም፣ ሁለቱንም ኮዳ ሞልታችሁ ውጡ።

7. ጠባቡ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነዳ

ሁለተኛው ቀን ላይ የምትነዱበት መንገድ ብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ በአንድ ጎን ግንብ በሌላው ጎን ገደል። ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ኩርባው አይገርመውም፣ ስፋቱ ግን ይገርመዋል። የሚገጥማችሁ መኪና ብዙ ጊዜ ትንሿ ነጭ ፒካፕ ናት፣ ከውስጥ ያሉት ሽማግሌ መንገዱን ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል፣ ስለዚህ ኩርባው ላይ ፍጥነት አይቀንሱም፣ እናንተ ትኖራላችሁ ብለው አልጠበቁም። ዓይነ ስውር ኩርባ ሁሉ ላይ ብርቱካናማ ምሰሶ ላይ የቆመ ክብ መስታወት አለ። ወደ ኩርባው ስትቀርቡ መንገዱን ሳይሆን መስታወቱን እዩ፣ ነጭ ነገር ከተንቀሳቀሰ ግራችሁን ይዛችሁ ቁሙ። መስታወቱ ጉም ከያዘው ወይ ከተሰበረ መኪና አለ ብላችሁ አስቡ። ሲያሳልፏችሁ ትንሽ አንገት ጎንበስ ማድረግ ይበቃል፣ እሳቸውም ይመልሳሉ።

ቁልቁለት ላይ ከመኪና ይልቅ የሚጥለው መሬቱ ነው። የጥዱ ደረቅ ቅጠል እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ነው፣ ፀሐይ የማያገኘው ኩርባ ላይ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፣ ከግንቡ የወደቀ የቡጢ ያህል ድንጋይ መሀል መንገድ ላይ ይተኛል፣ የውሃ መውረጃው ላይ ያለው ብረት ዝናብ ሲነካው መያዣ የለውም። በቀጥታው ላይ ፍሬን ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። ዝንጀሮ፣ አጋዘንና የዱር አሳማ አለ፣ ድብ በሺኮኩ ደሴት ላይ እጅግ ጥቂት ስለቀረ ስለሱ አታስቡ። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ትልቁ ተርብ ግን ቀልድ አይደለም፣ ዙሪያችሁን ከዞረ በእጅ ሳታባርሩት ቀስ ብላችሁ ራቁ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ፣ ካርታውን ኦፍላይን አውርዱ። አምቡላንስ 119፣ ፖሊስ 110 ነው።

8. ሁለተኛው ቀን፦ ሚኖኮሺ ወጥቶ ሳዳሚትሱ መውረድ

ከካዙራ ባሺ ወንዙን ሽቅብ ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ኢያ ትገባላችሁ፣ ኪዮጆ ላይ 439ን ትገናኛላችሁ፣ ከዛ ጀምሮ ታፔላው 439 እስካለ ድረስ መሳሳት የለም። እስከ መተላለፊያው፣ እስከ ሚኖኮሺ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ቀስ ያለ ዳገት ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው ትንሿን ማርሽ የምትፈልጓት።

ኦቺያይ መንደር ጋ ቁሙ። ከታችኛው ቤት እስከ ላይኛው ቤት 390 ሜትር ከፍታ ልዩነት አለው፣ ተራራው ላይ የተለጠፈ መንደር ነው፣ ከ2005 ጀምሮ በቅርስነት ይጠበቃል። መንደሩ ውስጥ ሳይክል ይዛችሁ አትውጡ፣ ከሸለቆው ማዶ ማያ ቦታ አለ፣ ሙሉውን የምታዩት ከዛ ነው።

ቀጥሎ ናጎሮ ነው። ሰዉ ወደ ከተማ እየሄደ እየሞተም ሲያልቅ አንዲት የመንደሩ ሴትዮ በሰው ልክ አሻንጉሊት እየሠሩ መንደሩን ሞሉት፣ አሁን ከነዋሪው አሻንጉሊቱ ይበልጣል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ አሉ፣ እርሻ ውስጥ ጎንበስ ያሉ አሉ፣ 2012 ላይ የተዘጋው ትምህርት ቤት ውስጥም ተማሪና አስተማሪ ሆነው ተቀምጠዋል። ከሩቅ ሰላም ብላችሁ ካልመለሱ አትቀየሙ። ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ ከመሀላቸው አንዱ እውነተኛ ሰው ሆኖ መንገድ ሊሻገር ይችላል።

ከናጎሮ በላይ ኦኩ ኢያ ላይ ሁለት የሐረግ ድልድዮች አሉ፣ ባልና ሚስት ይሏቸዋል፣ ከካዙራ ባሺ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ፣ ሰው የለም። አጠገባቸው በገመድ ራሳችሁን እየጎተታችሁ ወንዙን የምትሻገሩበት የእንጨት ሳጥን አለ። በበረዶው ወቅት ይዘጋል።

ሚኖኮሺ 1400 ሜትር ገደማ ነው። ከዛ ወደ ትሱሩጊ ተራራ ጫፍ፣ 1955 ሜትር፣ የወንበር ሊፍት አለ፣ ከሊፍቱ ማብቂያ በእግር ትቀጥላላችሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሚኖኮሺ ካልደረሳችሁ ጫፍ መውጣቱን ተዉት፣ ቁልቁለቱ ብርሃን ይፈልጋል። ላብ የጠጣውን ካናቴራ እዛው ቀይሩ፣ ጃኬትና ጓንት ልበሱ። ከዛ 438ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን በኢቺዩ በኩል ሳዳሚትሱ ድረስ ትወርዳላችሁ። ላይኛው ግማሽ ጠባብና ቅጠል የበዛበት ነው፣ ታች ስትደርሱ ይሰፋል። እጃችሁ ከደከመ ቁሙ፣ ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። ሳዳሚትሱ ጣቢያ ላይ ሳይክሉን ከረጢት ውስጥ መልሱና በባቡር ወደ ቶኩሺማ ወይ ወደ አዋ ኢኬዳ። ባቡሩ በተደጋጋሚ አይመጣም፣ አንድ ፉርጎ ብቻ የሆነም አለ፣ ሰዓቱን ጠዋት ላይ ስልካችሁ ላይ አንሱት፣ የተጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ 17 የሚለው የኛ 11 ነው።

9. አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ

ሁለተኛውን ማታ ሳዳሚትሱ ከመውረድ ይልቅ ከሚኖኮሺ በመጣችሁበት ተመልሳችሁ ምሥራቅ ኢያ እደሩ፣ በማግስቱ ከኪዮጆ 439ን ወደ ምዕራብ ያዙ። ኪዮባሺራ የሚባለው መተላለፊያ 1123 ሜትር ነው፣ ቶኩሺማና ኮቺ የሚባሉትን ክፍለ ሀገሮች የሚለየው ድንበር። ከዚህ መንገድ ሁሉ ይሄን ዳገት ነው የምወደው፣ እስከ ላይ ጥድ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ላይ ድንገት ይከፈትና የኮቺ ተራራ ድርድር ብሎ ይታያል። እላይ የሚሸጥ ነገር የለም። በኮቺ በኩል ወደ ኦቶዮ ስትወርዱ ቶዮናጋ ጣቢያ ላይ የዶሳን መስመር ባቡር አለ። ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ኦሱጊ ጣቢያ ቀጥሉ፣ እዛ 3000 ዓመት ይሆነዋል የሚባል ጥድ አለ። ያን ቀን ዝናብ ከዘነበ ግን ኪዮባሺራን ሰርዙት፣ በ45 በዋሻው ወጥታችሁ ኦቦኬ ላይ ናምፑን ያዙ።